ክንዴ ለአራት ሲከፈል

ስለ ቃጠሎ መድኃኒት አውቃለሁ የሚል ሰው ካለ መጀመሪያ ክንዱን ያሳየኝ። እኔ የማወራው ስልኬ ላይ ቪዲዮ አይቼ ወይም ከሰው ሰምቼ አይደለም። በገዛ ክንዴ ላይ፣ ከእጅ አንጓዬ እስከ ክርኔ፣ ርካሹንም ውዱንም፣ የሚበላውንም የማይበላውንም ጎን ለጎን ሞክሬ ነው። ሲያትል ውስጥ እንዲህ ያለ ጥናት ያካሄደ ሐበሻ ከእኔ ሌላ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ካለም ሚስቱ አላወራችበትም ማለት ነው። የእኔዋ አውርታለች።

ነገሩ የተጀመረው በሽሮ ነው። አትሳቁ። ሽሮን የሚንቅ ሰው ሽሮ ሲፈላ አጠገቡ ቆሞ አያውቅም።

ባለቤቴ ሰናይት ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ሲታክ፣ አንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ነው የምትሠራው። እኔ ደግሞ እዚያው አካባቢ ከሆቴል ኤርፖርት፣ ከኤርፖርት ሆቴል ሰው የማመላልስ የሸትል ሹፌር ነበርኩ። በዚያ ሰሞን የትልቁን የከተማ አውቶቡስ ስልጠና ጨርሼ የመንገድ ፈተናው ብቻ ቀርቶኛል። ፈተናው በሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ነው። አሰልጣኛችን አስረግጦ ነግሮናል፤ በቀኑ ያልተገኘ ሰው ቦታው ለሌላ ይሰጣል፣ ቀጣዩ ዙር መቼ እንደሆነ እሱም አያውቅም። ለእኛ ቤት ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ሸትሉ የቤተሰብ ኢንሹራንስ የለውም፣ የሰናይትም ቢሆን ስሙ ብቻ ነው። ፈረቃዬ በየሳምንቱ ስለሚገለባበጥ ልጄን ሊያን ከትምህርት ቤት ያመጣሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። አውቶቡሱን ካገኘሁ ግን ሰው ሆንን ማለት ነው። ስለዚህ በዚያ ሐሙስ ሁለቱም እጆቼ መሪው ላይ መገኘት ነበረባቸው።

እንግዲህ ሰው እንዲህ ያለ ቀን ሲጠብቅ ምን ያደርጋል? አርፎ ይቀመጣል። እኔ ግን ፈተናውን እንደማልፍ እርግጠኛ ስለነበርኩ ከወዲሁ ደስ አለኝና ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ለሰናይት ኮል አደረግኩ።

«ዛሬ እራት በእኔ ነው፤ ስትመጪ ቁጭ ብለሽ መብላት ብቻ ነው» አልኳት።

«ኦኬ… ግን ተጠንቀቅ» አለች። ሽሮ ልሠራ እንጂ ጦርነት ልሄድ መሰላችሁ?

ሽሮ ለመሥራት ስንት ድስት እንደሚያስፈልግ አላውቅም። እኔ ቤት ያለውን በሙሉ ተጠቀምኩ። በአንዱ ሽንኩርት አሳረርኩ፣ በሌላው እንደገና ጀመርኩ፣ በሦስተኛው ውሃ አፈላሁ፣ የቀረው እንዴት እንደቆሸሸ ዛሬም አልገባኝም። ሁሉም የዕቃ ማጠቢያው ገንዳ ውስጥ ተከመረ። በመጨረሻ ሽሮው ተከድኖ መንተክተክ ሲጀምር ማማሰል ቀርቶ እሳቱን ጨመርኩበት፤ ቶሎ እንዲደርስ ነው። ሰናይት በሩን ስትከፍት፣ እንደ ትልቅ ወጥ ቤት ሽር ብዬ ክዳኑን አነሳሁላት። ሽሮው ፈነጠቀ። ስሸሽ የድስቱን እጀታ በክንዴ ገጨሁት። ድስቱ ዘመመና የፈላው ሽሮ ከአንጓዬ እስከ ክርኔ ተለጠፈብኝ።

ጩኸቴን አልነግራችሁም። ፎቁ ሁሉ ሰምቶታል፣ ይበቃል።

ሰናይት ቦርሳዋን ወርውራ እጄን ይዛ ወደ ቧንቧው ጎተተችኝና ቀዝቃዛውን ውሃ ለቀቀችብኝ። ገንዳው በእኔው ድስት ስለተሞላ ውሃው የሚያገኘው እጄንና ግማሽ ክንዴን ብቻ ነው፤ ክርኔ የድስቱ ክምር ላይ ጉብ ብሎ ቀረ።

«በቃ ይበቃል» አልኳት ትንሽ እንደቆየን።

«ዝም ብለህ ቁም! ሃያ ደቂቃ ነው።»

«ሽሮው እያረረ ነው!»

«ይረር!»

«ኧረ ሰናይት፣ ውሃ መድኃኒት ቢሆን ሲያትል ውስጥ የሚታመም ሰው ይኖር ነበር? ዓመቱን ሙሉ ይዘንብብን የለ?»

የሥራ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ በአንድ እጇ ክንዴን ይዛ በሌላው የእሳት ማስጠንቀቂያውን በፎጣ እያራገበች ሃያውን ደቂቃ ቆመች። እኔ ደግሞ ሃያውን ደቂቃ ስነጫነጭ ቆየሁ።

በማግስቱ ክንዴ ውሃ ቋጥሮ አደረ። አልደነገጥኩም፤ መድኃኒት ያለበት አገር ነው ያለነው። መኪናዬን አስነስቼ ቱክዊላ ወደሚገኝ አንድ ፋርማሲ ሄድኩና ከመደርደሪያው ፊት ቆምኩ። እዚህ አገር የመድኃኒት መደርደሪያ ላይ ውዱ ከላይ፣ ርካሹ ከታች ነው የሚቀመጠው። እታች፣ እግሬ ሥር፣ ተራ ቫዝሊን ተደርድሯል። እሱን እንኳን ልገዛው ጎንበስ ብዬም አላየሁት። ለዚህ ለፈተና ለተጠበቀ ክንድ? ከላይ ያለውን፣ የሚያብረቀርቅ ቱቦ ውስጥ የተቀመጠውን፣ ማደንዘዣም ሽታም ያለውን ክሬም አነሳሁ። ዋጋው ሁለት ሰው ደህና ምሳ ያበላል። እንዲህ የተወደደ ነገር ካላዳነ ምን ሊያድን ነው ብዬ በኩራት ከፈልኩ።

በዚሁ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ያን ዕለት ሰናይት ለእትዬ አሰለፈች ስልክ ደወለች። እትዬ አሰለፈች ሬኒየር ቢች ባለው በእኛው ሕንፃ ምድር ቤት የሚኖሩ፣ የፎቁን ልጆች ሁሉ ያሳደጉ፣ ሁላችንንም ልጄ የሚሉ እናት ናቸው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን የምትወስዳቸው ሰናይት ናት። እሷ የደወለችው እሑድ ትንሽ እንደምንዘገይ ልትነግራቸው ነበር። ምክንያቱን ሲጠይቋት ነገረቻቸው። ለእትዬ አሰለፈች መንገር ማለት ማይክ መያዝ ማለት ነው።

ከቀትር በኋላ ራሳቸው ቀድመው ደረሱ።

«እኔን! እኔን ልጄ! እግዜር ይማርህ!» አሉና ከነጠላቸው ሥር አንድ የውሃ ፕላስቲክ አወጡ። ውስጡ ማር ነው። «ይሄ ከአገር ቤት የመጣ ነው። ልጄ በሻንጣ ስትይዘው ልብሷን ቀንሳ ነው ያመጣችው። ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። ቃጠሎ ከማር ሌላ አይወድም።»

«እትዬ፣ መድኃኒት ገዝቻለሁኮ…»

«የፈረንጅ ቅባት ቆዳ ያሳሳል። እኔ እያለሁ?»

እሳቸው እያሉማ ምን እላለሁ? ያን ሁሉ መንገድ የመጣ ማር! አንጓዬ ላይ ቀቡልኝ።

ገና ወጣ እንዳሉ ጋሽ ታደሰ ገቡ። ጋሽ ታደሰ ታክሲ ሲነዱ ኖረው በቅርቡ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ የዚህን ከተማ መንገድ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በጋዜጣ የተጠቀለለ አረንጓዴ ነገር ይዘዋል። እሬት ነው፣ ከመስኮታቸው ላይ ካለው ማሰሮ የተቆረጠ።

«ማር የቀባህ ማነው? ዝንብ ልትሰበስብ ነው እንዴ?» አሉኝ።

«እትዬ አሰለፈች ናቸው ጋሼ።»

«እሳቸውን አከብራለሁ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ግን እንጀራ ላይ የሚቀባና ቁስል ላይ የሚቀባ ይለያያል። ይሄ ደግሞ ሳንቲም አያወጣም። ቆርጠህ መለጠፍ ብቻ ነው።»

ከማሩ ቀጥሎ ያለውን ቦታ እሬት ያዘው። ከዚያ አብሮኝ ሸትል የሚነዳው ብሩክ ከሥራ መልስ መጣ። እሱ የያዘው የጥርስ ሳሙና ነው።

«ብሮ፣ ነጩ ነው የሚሠራው፣ ጄሉ አይሠራም። ራዲያተር ሲተፋብኝ በዚህ ነው የዳንኩት። ሚንቱ እሳቱን ይስበዋል።»

«ኧረ ብሩክ፣ ቦታ የለኝም።»

«ምን ማለት ነው? ከሥራ በቀጥታ መጥቼ?»

አሁን እናንተ «ለምን እምቢ አላልክም?» ትሉኝ ይሆናል። በይሉኝታ ያላደገ ሰው ነው እንዲህ የሚለው። ታማሚ ጠያቂ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ያመጣውን ደግሞ ሰጥቶ ዝም ብሎ አይሄድም፤ በሁለተኛው ቀን ተመልሶ ተጠቅመህበት እንደሆነ ያያል። ካልተጠቀምክ ንቀኸዋል ማለት ነው። እትዬ አሰለፈችን ልናቅ? ጋሽ ታደሰን? ብሩክ እንኳ ፈረቃ የሚሸፍንልኝ እሱ ነው።

ስለዚህ አሰብኩና ችግሩን እንደ ትልቅ ሰው ፈታሁት። የሊያን ማርከር ወስጄ ክንዴን ለአራት ከፈልኩ። አንጓው የማር፣ ቀጥሎ የእሬት፣ ቀጥሎ የጥርስ ሳሙና፣ ክርኔ ደግሞ የእኔ የውዱ ክሬም። ማንም እንዳይቀየም፣ የመጣም ሰው የራሱን ከሩቁ እንዲያይ፣ ምግብ በሚጠቀለልበት ስስ ፕላስቲክ ሸፈንኩት። እንዲያውም ሳስበው የሚገርም ነገር ነበር፤ የትኛው መድኃኒት በስንት ዋጋ ምን ያህል እንደሚሠራ በአንድ ክንድ ላይ ለይቶ ማወቅ! እንዲህ ያለ ጭንቅላት ይዤ ሸትል መንዳቴ አሳዘነኝ።

ሊያ አየችውና «ዳዲ፣ ዛት ኢዝ ሶ ግሮስ» ብላ፣ ያስጠላል ማለቷ ነው፣ ክፍሏን ዘጋች።

ሰናይት ደግሞ ክንዴን ለረጅም ጊዜ አየችው። «ፈተናህ መቼ ነበር?» አለችኝ።

«የዛሬ ሁለት ሳምንት ሐሙስ።»

«ዶክተር ዘንድ እንሂድ።»

«ጥናቱ ሳያልቅ?»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሦስቱም በአንድ ላይ መጡ። ጉድ ፈላ! ሙቀት ስለነበር ማሩ ቀልጦ የእሬቱን ክልል ወሮታል። ጋሽ ታደሰ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ።

«እትዬ፣ ማርዎ ድንበር አልፏል።»

«ማር ደግ ነው፣ ለጎረቤትም ይተርፋል» አሉ እትዬ አሰለፈች።

«የእኔ እሬት ሳይታይ ቢድን በማን ይቆጠራል?»

«በእግዚአብሔር!»

ብሩክ በዚህ መሃል የጥርስ ሳሙናው ደርቆ መሰነጣጠቁን አየና «መድረቁ መያዙን ነው የሚያሳየው» አለ በልበ ሙሉነት። እኔ እንደ ዳኛ ክንዴን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ተራ በተራ እሰማቸዋለሁ። ሰናይት ሻይ አስቀመጠችና ወጥ ቤት ገባች።

እውነት ለመናገር ውጤቱ መለየት ጀምሮ ነበር። የአንጓው በኩል ቀዝቅዟል፣ መቅላቱም ቀንሷል። እየራቀ ወደ ክርኔ ሲሄድ ግን ነገሩ እየከፋ ይመጣል፤ ሳሙናው ሥር ይለበልበኛል፣ ክርኔ ደግሞ አብጦ ይመታል። ቶሎ ደመደምኩ፦ መድኃኒት በተወደደ ቁጥር ይብሳል! ይህን ሳስብ ያወጣሁት ብር አንገበገበኝ እንጂ ስለ ክርኔ አልተጨነቅኩም። ማክሰኞ ግን ከእንቅልፌ ስነሳ ክርኔ አልታጠፍ አለ። ፕላስቲኩ ሥር መግል አለ። ልምምድ ላይ የአውቶቡሱን መሪ ለመጠምዘዝ ስሞክር ዓይኔ ዕንባ አቀረረ። ፈተናው ዘጠኝ ቀን ብቻ ቀርቶታል፤ እኔ ደግሞ ክንዴን በይሉኝታ አከፋፍዬ ጨርሻለሁ። ፈራሁ። ለራሴ እንኳ «ቀላል ነው» ማለት አቃተኝ።

ለሰናይት ኮል ሳደርግ አልተቆጣችም። ከሥራ ወጥታ መጥታ ክሊኒክ ወሰደችኝ።

ሐኪሟ ፕላስቲኩን ስታነሳ ፊቷ ተለወጠ። «ይሄ ምንድን ነው?» አለች በእንግሊዝኛ።

«ማር ነው» አልኳት።

«ይሄስ?»

«እሬት።»

«ይሄ ነጩ?»

«የጥርስ ሳሙና። ነጩ ነው፣ ጄሉ አይሠራም።»

አንዴ ይቅርታ ብላ ወጣችና ሌላ ሐኪም ይዛ ተመለሰች፤ እሱም ሌላ ሰው ጠራ። እኔ በዚህ ሁሉ መሃል የድንበሩን አሠራር በኩራት አብራራሁላቸው። ከዚያ ሁሉንም አጠበችው፤ ማሩም እሬቱም ሳሙናውም ያ ውድ ክሬምም አንድ ላይ ወደ ቱቦ ወረዱ። ለክርኔ አንቲባዮቲክ አዘዘችልኝ። «ለሌላው ይሄን ቀብተህ በንጹህ ፋሻ ሸፍነው» ብላ አንድ ነገር እጄ ላይ አስቀመጠች።

ቫዝሊን። ያ እግሬ ሥር የነበረው!

«ለዚህ ነው ይሄን ሁሉ የከፈልነው?» አልኩ በአማርኛ።

«ዝም በል» አለች ሰናይት በአማርኛ።

እኔ ግን ጥናቴን ሳልጨርስ አልወጣም አልኩ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ የአንጓዬ በኩል ለምን ዳነ? ማሩ ነው አይደል?»

ሐኪሟ ክንዴን አገላብጣ አየች። «ማሩ አልጎዳህም። ግን ልክ እንደተቃጠልክ ምን አደረግክ?»

ሰናይት የሆነውን ነገረቻት፤ ቧንቧውን፣ ሃያውን ደቂቃ፣ የድስቱን ክምር። ሐኪሟ ጣቷን ክንዴ መሃል ላይ አሳረፈች። ከዚያ ወዲህ ደህና ነው፣ ከዚያ ወዲያ ተጎድቷል። ውሃው የደረሰው እስከዚያ ነበር። የማሩን፣ የእሬቱንና የሳሙናውን ድንበር በኋላ በማርከር ያሰመርኩት እኔ ነኝ፤ ዋናው መስመር ግን ገና በመጀመሪያዋ ሰዓት ተሰምሮ ነበር፣ ያሰመረችውም ጫማዋን ሳታወልቅ የቆመችው ሚስቴ ናት። ውሃው ወደ ክርኔ እንዳይደርስ የከለከለው የእኔው ድስት ነው።

መኪና ውስጥ ስንገባ ሰናይት «አየህ!» አላለችም። ብትል ይሻለኝ ነበር። አንጀቴን በላችው።

አንቲባዮቲኩም ቫዝሊኑም ሥራቸውን ሠሩ፤ ሐኪሟም በዋዜማው አይታ ፈቀደችልኝ። የፈተናው ዕለት ሐሙስ ክርኔ ታጠፈ። ትንሽ እየጠቀጠቀኝም ቢሆን ያን አሥር ሰው የሚያህል መሪ ጠመዘዝኩት፣ ጠባቧን ኩርባ ጠርዝ ሳልነካ ዞርኩ፣ ፓርክ ሳደርግ ፈታኟ ወረቀቷን አጥፋ ፈገግ አለች። አለፍኩ! እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሜዳው ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ክርኔን ነው ያመመኝ ብያለሁ።

በተከታዩ እሑድ ለጠየቁን ሁሉ ምሳ አበላን። ሰናይት ላዛኛ ጋገረች። እኔ ወጥ ቤት እንዳልደርስ ተከልክያለሁ። ጠያቂዎቼ ክንዴን እየተቀባበሉ ያዩታል።

«ማሬ ነው!» አሉ እትዬ አሰለፈች እልል እያሉ።

«መሃሉን እዩት፣ እሬት እንዲህ ነው» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«ሳሙናው ነው ብሮ» አለ ብሩክ። ሳሙናው የነበረበት ቦታ ላይ ዛሬም ምልክት አለ፤ እሱ ግን ማኅተም ነው ብሎ ያምናል።

እኔስ? ሁሉንም አመሰገንኩ። ይሉኝታ! ሰናይት ሳህን እያቀበለች በዓይኗ ጠርዝ አየችኝ። እኔ ግን ላዛኛው እንዲመጣ ጠየቅኩ።

እትዬ አሰለፈች ቁጭ በሉ ሲባሉ ቁጭ የሚሉ ሰው አይደሉም። «እኔ አቀብላችኋለሁ» ብለው ተነሱና ወጥ ቤት ገብተው ገና ከምድጃ የወጣውን የላዛኛ ትሪ በባዶ እጃቸው ያዙት።

«ወይኔ እጄን!»

ቤቱ ተተራመሰ። ጋሽ ታደሰ ከኮታቸው ኪስ እሬት አወጡ፤ ለካ ሁልጊዜ ይዘው ነው የሚዞሩት። ብሩክ የጥርስ ሳሙና ፍለጋ ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጠ። እትዬ ራሳቸው «ማሬን! ማሬን አምጡልኝ!» ይላሉ። ሰናይት ግን ገንዳው ውስጥ ያለውን ድስት በሙሉ ወለሉ ላይ አወረደችና የእትዬን እጅ ቧንቧው ሥር ከተተችው።

ጋሽ ታደሰ እሬታቸውን ይዘው ገሰገሱ። ብሩክም ቱቦውን እየከፈተ ከኋላቸው። እኔ ተነስቼ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆምኩና ያን ክንዴን ከመቃን እስከ መቃን ዘረጋሁት።

«ማንም አይገባም!»

«ምን ሆንክ አንተ?» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔን ያዳነኝ ማሩም አይደለም፣ እሬቱም አይደለም፣ ሳሙናውማ ጭራሽ! ያዳነችኝ ሰናይት ናት። ሃያ ደቂቃ ውሃ ሥር ይዛኝ፣ እኔ ስነጫነጭባት። ፈተናውንም ያለፍኩት በእሷ ነው። አሁንም ሃያ ደቂቃ ነው፣ ማንም ንቅንቅ አይልም!»

ጋሽ ታደሰ እሬታቸውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱ። ዞር ስል ሰናይት ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ናት፤ ጆሮዋ ግን ቀልቷል። እንደምትስቅ ከትከሻዋ አወቅኩ።

እትዬ አሰለፈች እጃቸውን አላወጡም። ትንሽ ቆይተው አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ውሃ ሲፈስ አይቆጥርባችሁም?»

«ከቤት ኪራዩ ጋር ነው እትዬ» አለች ሰናይት።

እትዬ አሰለፈች አሰብ አደረጉ።

«እንግዲያማ ትንሽ ጨምሪበት» አሉ።